ካርታው ተመረመረ፤ ቤቱስ?

ባለፈው ጥቅምት ከታናሽ እህቴ ጋር ቤት ልናይ ወደ ለቡ ሄድን። ደላላው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ገና ከመኪና ሳንወርድ «ካርታው ንጹሕ ነው፤ ካሬው 175፤ ዕዳ የለ፣ እግድ የለ፤ የሚሸጡትም ባለቤቷ ራሳቸው ናቸው» ብሎ ተቀበለን። እህቴ ለሳምንታት ስትዘጋጅበት የከረመችውን ጥያቄ በተራ ማንሣት ጀመረች። ካርታው በማን ስም ነው? ወራሽ አለ? የዘንድሮው ግብር ተከፍሏል? የኮሪደር ልማቱ በዚህ በኩል ያልፋል? ሁሉም ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ደላላው ለእያንዳንዱ መልስ ነበረው፤ የሰነዱንም ኮፒ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው።

አብሮን የመጣው የሲቪል መሐንዲስ ወዳጄ በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሳሎን ገብቶ ከመስኮቱ ሥር ቁጢጥ አለና ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ አንኳኳ። ከዚያ ቀና ብሎ ባለቤቷን፣ በእናቶቻችን ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው፣ «እማማ፣ ይሄ ግድግዳ መቼ ተቀባ?» አላቸው።

«ለመስቀል ነው ያስቀባሁት ልጄ።»

«ቤቱ በሙሉ ነው ወይስ ይሄ ብቻ?»

እማማ ትንሽ ዝም አሉ። ደላላው ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት በእጃቸው ከለከሉትና «ይሄ ብቻ ነው። በጋ በጋ ይከፈታል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ተመልሶ ይገጥማል» አሉ። ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ። የዚያን ቤት ዋና ጉዳይ የሰማነው ያን ጊዜ ነው፤ በካርታው ላይም፣ በግብር ደረሰኙም ላይ፣ በእህቴ የጥያቄ ዝርዝር ውስጥም አልነበረም።

እኛ አዲስ አበቤዎች ቤት ስንገዛ የምንመረምረው ወረቀት ነው። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም። በሐሰተኛ ካርታ፣ በሐሰተኛ ውክልና፣ አንድን ቤት ለሁለት ሰው በመሸጥ የተቃጠለ ሰው በየሰፈሩ ስላለ ፍርሃታችን ሁሉ ወደ ሰነዱ ሄዷል። ሰነዱ ከጠራ «ተገላገልን» እንላለን። ቤቱን ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሻጩ ባቀረበልን ቡና መሀል፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ከመኝታ ቤት ወደ ማድ ቤት በዓይናችን ዞር ዞር ብለን «ደስ ይላል» ብለን እንወጣለን። ጫማ ስንገዛ እንኳ አጥልቀን ጥቂት እርምጃ እንራመዳለን። የዕድሜ ልካችንን ቁጠባ የምናፈስበትን ቤት ቧንቧውን ከፍተን ውሃው በየት እንደሚወርድ አናይም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ሕጉ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ ካጸና ወዲህ፣ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበን የምንፈርመው ውል «የቤት ሽያጭ ውል» ነው። ገዛን የምንለው ነገር በሕግ ዓይን ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ወለሉ፣ መሠረቱ ነው፤ ቦታውን የመጠቀም መብቱ የሚከተለው ቤቱን ነው። ገበያው ግን የሚያስበው በተቃራኒው ነው። «ካሬው ስንት ገባ?» ነው ጨዋታው። ቤቱ የካሬው ምርቃት ተደርጎ ይታያል። እንዲህ ሆኖ፣ ሕጉ ሸጣችሁ ገዛችሁ የሚለን አንዱ ነገር፣ ቤቱ፣ ሳይታይ ታልፏል።

ለቀድሞው ዘመን ይህ አስተሳሰብ ያን ያህል ጉዳት አልነበረውም። ግቢ ያለው የጭቃ ቤት ወይም አሮጌ ቪላ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሐሳቡ አፍርሶ መሥራት ነው። የሚፈርስን ቤት ማን ይመረምራል? አሁን ግን ከተማው ወደ ላይ ወጥቷል። የኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ከገርጂ ከተጀመረ ወዲህ፣ ከጀሞ እስከ የካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ብዙ ሰው መሬት ሳይረግጥ የቤት ባለቤት ሆኗል። የግል አልሚዎቹ አፓርትመንትም ተጨምሯል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው አፍርሼ እሠራለሁ አይልም። ከሥሩ ያለው የጎረቤት ጣሪያ፣ ከላዩ ያለው የጎረቤት መታጠቢያ ቤት ነው። ለእሱ ሕንፃው ራሱ ነው ሀብቱ፤ ካሬ እየቆጠሩ መግዛት ያሳደገው ዓይን እዚህ አይሠራም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቤቶቹ ለዕድለኞች ሲተላለፉ የማጠናቀቂያው ሥራ በአብዛኛው ለባለቤቱ የተተወ ነበር። ባለቤቱ እንዳቅሙ ግንበኛ ጠርቶ ሊሾውን በሴራሚክ ለወጠ፤ ማድ ቤቱን ከሳሎን ጋር ለማገናኘት ግድግዳ አፈረሰ፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ለማስገባት ቧንቧ አዛወረ። የብሎኬት ግድግዳ ማፍረስ በራሱ ሕንፃ አይጥልም፤ ሸክሙን የሚይዙት ኮለኑና ቢሙ ናቸውና። ችግሩ ግንበኛው ቧንቧ ለማሳለፍ ቢሙን ወይም ሶሌታውን በመሮ ሲፈለፍለው፣ ፌሮውን ሲቆርጠው ነው። ከዚያ በላዩ ጂፕሰም ኮርኒስ ይገጠማል፣ ነገሩም ይዳፈናል። ስለዚህ ሁለተኛው ገዥ የሚገዛው የሁለት ሰው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ተቋራጭ በፕላን የሠራው አለ፤ የመጀመሪያው ባለቤት በቃል ያሠራው አለ። ስለ ሁለተኛው በየትኛውም መሥሪያ ቤት ወረቀት የለም። ማወቂያው መንገድ ማየት ብቻ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ቤት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዛሁ። ጊዜው ግንቦት ነበር። ቤቱ ቀለሙ ክሬም፣ መታጠቢያ ቤቱ አዲስ የፒቪሲ ኮርኒስ የተገጠመለት፣ ንጽሕናው የሚማርክ ነበር። ያን ኮርኒስ አይቼ «ሰውዬው ቤቱን ይወደዋል» ብዬ እንዳሰብኩ አልረሳውም። በሐምሌ መጨረሻ አንድ ሌሊት ኮርኒሱ ወደቀ። በላዩ የነበረው ሶሌታ ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ በሁለት ቦታ ሲሚንቶው ተልጦ ፌሮው ዝጎ ይታያል። ከላይ የሚኖሩት ጎረቤቶቼ መታጠቢያ ቤት ለዓመታት ሲያፈስ ኖሯል። አዲሱ ኮርኒስ የተገጠመው እንዳይታይ ነበር። ከጎረቤቶቼ ጋር ያሳለፍኩት ንትርክ፣ ወለላቸውን አስነሥቶ እንደገና ለማሠራት የፈጀው ዓመት፣ ከገንዘቡ በላይ አደከመኝ። ቤቱን ባየሁበት ዕለት ኮርኒሱን በእጄ ገፋ ባደርገው ኖሮ ከፍ ይልልኝ ነበር፤ የፒቪሲ ኮርኒስ ቀላል ነገር ነው። የገዛሁት ግን ኮርኒሱን ነበር፤ ኮርኒሱን አየሁ፣ ኮርኒሱን ወደድኩ።

ጠበቃ ዘንድ ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጉድለቱን ለሻጩ ያስታወቅኸው መቼ ነው?» የሚል ነበር። ሦስት ወር ዘግይቼ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ነገር ላይ ከብዙዎቻችን ግምት በላይ ግልጽ ነው። በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማ፣ ጉድለትም የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ ለገዥ ትልቅ ጋሻ ነው። ግን ጋሻው የሚሠራው ለሚነቃ ሰው ነው። ገዥ እንደተመቸው ወዲያው የገዛውን መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ምንነቱን ገልጾ ሳይውል ሳያድር ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀ በኋላም መብቱን የሚያነሣበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ ሻጩ ካላታለለው በቀር። ሲገዛ ያወቀውን፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ ሊያመልጠው የማይችለውን ጉድለት ደግሞ በኋላ ማንሣት አይችልም። ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ሁሉ የሚጋፈጠው ጥያቄ ይህ ነው። ስንጥቁ ሊታይ የሚችል ከነበረ ለምን አላየኸውም? ሊታይ የማይችል ከነበረ ደግሞ ስትገዛ እንደነበረ በምን ታስረዳለህ?

መርማሪ አስገብቶ የተጻፈ፣ ፎቶ ያለበት፣ ቀን ያለበት ወረቀት መያዝ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ነው።

የሽያጭ ውሎቻችንን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ «ይገባኛል የሚል ሦስተኛ ወገን ቢቀርብ ሻጭ ተከራክሬ እመልሳለሁ» ይላል። ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚከፍለውን ገደብ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ «በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 2005 እና 2266 መሠረት የጸና ነው» ብሎ ይዘጋል። 2266 ስለ ሽያጭ የሚናገረው ክፍል መግቢያ ነው። ከዚያ ሃያ አንድ ቁጥር ብቻ ወረድ ቢሉ 2287 ላይ ይደርሳሉ፤ ወደዚያ የሚወርድ ውል ግን በእጄ አልገባም። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ መሠረቱ አንዲት መስመር የለችም። ቤቱ በውሉ ውስጥ ያለው በካርታ ቁጥርና በካሬ ሜትር ብቻ ነው።

ወደ ለቡው ግድግዳ ልመለስ። «በጋ ይከፈታል፣ ክረምት ይገጥማል» የሚለው የእማማ ቃል መሐንዲሶች በላቦራቶሪ የሚያረጋግጡት ነገር ነው። ከለቡ እስከ አቃቂ፣ ከቦሌ ብዙው ክፍል እስከ ሰሚት ከተማው የተዘረጋበት አፈር ዋልካ ነው፤ ገበሬው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ በጋ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ የቆመ ቤት መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ወይም አፈሩ ተቆርጦ በሌላ ካልተተካ፣ አንዱ ማዕዘን ከሌላው ተለይቶ ይነሣል፣ ይወርዳል። ቤቱ ከአፈሩ ጋር ይተነፍሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3039 የሕንፃ ተቋራጭን ለአሥር ዓመት ዋስ ሲያደርገው፣ ከሥራው ጉድለት ሌላ በአፈሩ ጠባይ ለሚደርሰውም ተጠያቂ ያደረገው ለዚህ ነው። ዋስትናው ግን የተሰጠው ለአሠሪው ነው።

ስንጥቅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ሰው ስንጥቅ ባየ ቁጥር ቢሸሽ የሚገዛው ቤት አያገኝም። ልስኑ ላይ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋች ቀጭን ስንጥቅ የሲሚንቶው መድረቅ ናት። በኮለኑና በብሎኬቱ መገናኛ ቀጥ ብላ የምትወርደውም ብዙ ጊዜ ሁለቱ ሳይያያዙ በመቅረታቸው የመጣች ናት። የሚያስፈራው ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣው፣ ብሎኬቱን እንደ ደረጃ እየተከተለ የሚሄደው፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው ወጣ ያለው ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኮለን ወይም ቢም ላይ ያለ ስንጥቅ፣ በተለይም ዙሪያው የዝገት ቀለም የወረሰው። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን በሌሊት ሲያናውጣት፣ ከየሕንፃው ብርድ ልብስ ለብሶ የወረደው ሰው ሁሉ ስለ ኮለን መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ጥያቄው ከወር በላይ አልቆየም።

ወዳጄ በለቡው ቤት ሁለት ሰዓት ከግማሽ ቆየ። ብዙውን ሰዓት ያጠፋው ከቤት ውጭ ነው። የጣሪያውን አሸንዳ ተከትሎ ወደ ጓሮ ዞረ፤ መውረጃው ቱቦ ከጉልበት በላይ ተሰብሮ ውሃውን የሚያፈሰው በዚያው በተሰነጠቀው ማዕዘን መሠረት ላይ ነበር። የጎረቤት ትልቅ ዛፍም ከአጥሩ ማዶ ቆሟል። «ክረምቱን ሙሉ ያጠጡታል፣ በጋውን ሙሉ ዛፉ ይጠጣዋል» አለኝ። ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ምስማሮቹን አየ። ኮርኒሱን በመፈተሻው ቀዳዳ ከፍቶ በባትሪ አበራና አጣናው ምስጥ እንዳልነካው አረጋገጠ። ከግድግዳው ሥር ነጭ ጨው መሰል ነገር አውጥቶ እንደሆነ እያጎነበሰ ዞረ፤ ጨው ካለ እርጥበት ከመሬት ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው። በሮቹን ሁሉ ከፍቶ ዘጋ። የሚጎተት በር የአናጢ ጥፋት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ጉበኑ ዘሞ ሊሆን ይችላል።

ማድ ቤት ገብቶ ደግሞ የምጣዱን ሶኬት ፈታ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነውና። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፒር ይሆናል። ከቤት ዕቃችን እንዲህ የሚጠጣ ጥቂት ነው። አሮጌ ቤቶች ውስጥ ግን መብራት ብቻ እንዲያበራ ከተዘረጋ ባለ 1.5 ሽቦ ላይ የምጣድ ሶኬት ተቀጥሎ ይገኛል። ሽቦው በግድግዳው ውስጥ እየጋለ ልባሱ ይቀልጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የሶኬቱ ከንፈር ቡናማ ይሆናል፣ ሲሸቱት የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የለቡው ቤት በዚህ ረገድ ደህና ነበር። ምጣዱ ከማከፋፈያው የራሱ ብሬከርና የራሱ ወፍራም ሽቦ ወጥቶለታል። እማማ «የልጄ አባት ኤሌክትሪሺያን ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ።

ጥቅምት ላይ ማየታችን ግን ጎድቶናል። በዚህ ከተማ ቤት መታየት ያለበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያን ጊዜ ጣሪያው የቱ ጋ እንደሚያፈስ፣ ጎርፉ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የመፀዳጃ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ግቢ እንደሚወጣ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ ክረምቱ አልፎ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው ብዙዎቹ የሚያወጡት። በበጋ የሚገዛ ሰው ቢያንስ የመታጠቢያ ቤቱን መውረጃ ደፍኖ ወለሉን በውሃ ይሙላው፣ ከዚያ ወርዶ የታችኛውን ጎረቤት በር ያንኳኳ። የጎረቤት ቡና ብዙ ይናገራል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶው ሳይሞላ የሚያልፍበት ፈረቃ እንዳለ፣ ከደላላው ሳይሆን ከእነሱ ነው የሚሰማው።

«ባንክ አይቶታል እኮ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ገዥው ብድር ስለጠየቀ የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ቤቱን ለክቷል፣ ገምቷል። ይህ ምርመራ አይደለም። ባንኩ የላከው ሰው የሚመልሰው ጥያቄ «ተበዳሪው ባይከፍል ይህን ሸጠን ገንዘባችንን እናገኛለን ወይ?» የሚል ነው። የመታጠቢያ ቤትህ ቧንቧ አያገባውም፤ አይገባውምም። የክፍለ ከተማው ማረጋገጫም የይዞታ እንጂ የግድግዳ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለግንባታ ፈቃድና ለመጠቀሚያ ፈቃድ ሥርዓት አበጅቷል፤ ፈቃዱን ጠይቆ ማየት ይገባል፣ በተለይ ጓሮ ላይ የተጨመረ ሰርቪስ ቤት ካለ በፕላኑ ውስጥ መኖሩን። ፈቃድ የሌለው ክፍል ነገ ይፈርሳል፤ የተከፈለበት ግን ዛሬ ነው። ሆኖም ፈቃዱ የሚናገረው ሕንፃው ሲያልቅ ስለነበረው ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላለፉት አሥራ አምስት ክረምቶች አይናገርም።

ከባሕር ማዶ ሆነው እዚህ የሚገዙ ወገኖቻችን ነገር ልቤን ይነካዋል። ቨርጂኒያ የሚኖር ዘመዴ እዚያ ቤቱን ሲገዛ ያደረገውን አጫውቶኛል። ቨርጂኒያ «ገዥ ራሱን ይጠብቅ» የሚለው የቆየ መርሕ የሚሠራባት ግዛት ናት፤ ስለዚህ ውሉ ውስጥ የምርመራ ቀናት አስገባ፤ ፈቃድ ያለው መርማሪ ቀጠረ። ሰውየው ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ከወለሉ በታች ተሳቦ፣ ከነፎቶው ወፍራም ሪፖርት ሰጠው። ቤቱ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለነበር የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ስለ እርሳስ ቀለም የማስመርመሪያ 10 ቀን እንደሚሰጠው ተነገረው። በሪፖርቱ ተመርኩዞ ሻጩ የውሃ ማሞቂያውን እንዲቀይር አደረገ። ይኸው ዘመዴ አዲስ አበባ ላይ አፓርትመንት የገዛው ግን በስልክ ነው። የአክስቱ ልጅ በቪዲዮ እየዞረ አሳየው፣ እሱ በሥራ እረፍት ሰዓቱ «ቆንጆ ነው» አለ፣ ውክልና ላከ። እዚያ የጠየቀውን ግማሹን እንኳ እዚህ አልጠየቀም። ምክንያቱን ስጠይቀው «ሰው አስቀየምኩ እንዳይመስልብኝ» አለኝ።

መልሱ ውስጥ እውነት አለ። እኛ ዘንድ የሰውን ቤት መመርመር ሰውየውን እንደ መጠርጠር ይቆጠራል። ቡና የቀረበልህ ቤት ውስጥ ኮርኒስ መግፋት ያሳፍራል። ግን አሜሪካኖቹም ያለ ትግል አልደረሱበትም፤ በኮሮናው ዘመን ገበያው ሲጦፍ ብዙ ገዥ ቤት እንዳያመልጠው ብሎ ምርመራውን ትቶ ነበር። ማሳቹሴትስ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጭ «ምርመራ ለሚተው ብቻ ነው የምሸጠው» እንዳይል የከለከለችው ከዚያ ወዲህ ነው። አስቀያሚው ነገር ጥያቄው ሳይሆን ጥያቄው ሳይጠየቅ ቀርቶ በኋላ በፍርድ ቤት ደጃፍ መገናኘቱ እንደሆነ እነሱም በመከራ ነው ያዩት።

እዚህ ከተማ «ቤት መርማሪ» ብሎ ታፔላ የሰቀለ አላጋጠመኝም። ሥራው ግን የሚሠራ ሰው አያጣም። ሕንፃ ላይ የኖረ ሲቪል መሐንዲስ፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ቢበቃቸው ነው። ትልቅ ጥርጣሬ ካለ መሐንዲሱ ሽሚት ሐመር የሚባለውን መዶሻ ይዞ የኮንክሪቱን ጥንካሬ ሳያፈርስ ይለካል። «ወጪው» ይላል ሰው። የደላላው ኮሚሽን በተለምዶ ከመቶ ሁለት ነው፤ የ10 ሚሊዮን ብር ቤት ላይ 200,000 ብር። አገናኝቶ ለሄደ ሰው ይህን ያለ ጭቅጭቅ የምንከፍል ሰዎች፣ የዚያን ጥቂቱን ለሚያድነን ሰው መስጠት ይከብደናል። ጊዜው ደግሞ ከቀብድ በፊት ነው። ቀብድ ከሰጡ በኋላ የሚያፈገፍግ ገዥ በሕጉ ቀብዱን ያጣል። ደላላ «ሌላ ገዥ እየመጣ ነው፣ ዛሬ ቀብድ ጣሉ» ብሎ የሚያጣድፈው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ሻጮችንም ልብ በሉ ልበላቸው። ቤታቸውን አስቀድመው አስመርምረው የሚያወጡ ሰዎች ቢኖሩ ትልቁ ተጠቃሚ እነሱ ናቸው። የተሰበረውን አሸንዳ በጥቂት ሺህ ብር አስጠግኖ ማውጣት፣ ገዥው አይቶት መቶ ሺህ ብር ቀንሱ ከሚል ይሻላል። ጉድለቱን ነግሮ፣ አጽፎ፣ አስፈርሞ የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት መጥሪያ አይደርሰውም፤ ገዥው እያወቀ ገዝቷልና። ደብቆ የሸጠ ግን «እንዳለ ሸጫለሁ» የምትል ቃል ውሉ ውስጥ ቢያስገባም አታድነውም፤ ያታለለን ሻጭ ሕጉ በእንዲህ ዓይነት ቃል አይከልለውም።

የለቡው ቤት እንዲህ ሆነ። ወዳጄ ከመሄዱ በፊት ከእማማ ፈቃድ ጠይቆ አዲሱን ቀለም በስንጥቁ ላይ በጥቂቱ ፋቀና በላዩ የእጅ መዳፍ የምታህል ጂፕሰም በሁለት ቦታ ለጠፈ። በእርሳስ «ጥቅምት 15» ብሎ ጻፈባት። «ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ይቺ ትሰበራለች። ሁለት ወር እንታገሥ» አለ። ደላላው ተቆጣ፤ ገዥ ሞልቷል አለ። እማማ ግን «ይታገሡ» አሉ። ቱቦውንም በዚያው ሳምንት አስጠገኑት።

በታኅሣሥ አጋማሽ ተመልሰን ሄድን። ከላይ ያለችው ጂፕሰም ደህና ነበረች። የታችኛይቱ ግን ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ለሁለት ተከፍላለች፤ ከአጠገቧ ግድግዳው ላይ፣ በወዳጄ ሳይሆን በሌላ እጅ፣ ተለቅ ተለቅ ባሉ ፊደላት «ኅዳር 21 ጠዋት» የሚል ተጽፏል። «በየቀኑ አያት ነበር» አሉን እማማ። ወዳጄ ለማዕዘኑ መጠገኛ የሚያስፈልገውን አስልቶ ጻፈ፤ ያ ገንዘብ ከዋጋው ላይ ተነሣ። እህቴም ውሉ ሲጻፍ ጸሐፊውን አስቁማ፣ ከካርታው ቁጥር በታች አንድ መስመር አስገባች፤ በሳሎኑ ምሥራቃዊ ማዕዘን ከመስኮቱ ሥር የሚታየውን ስንጥቅ ሻጭ አሳይተዋል፣ ገዥም አይታ በዋጋው ላይ ታስቦላታል፣ ከዚህ ሌላ ሻጭ የሚያውቁት ጉድለት የለም። እማማ መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ፈረሙ።